ባለ 24 መብራቱ ቀለበት ለምን ይረበሻል? ስለ ቀለም ኤልኢዲና ስለ ሐበሻ ሰዓት ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ባለ 24 ኤልኢዲ ቀለበት ገዝታ ከኢኤስፒ32 ቦርድ (ኮድ የሚጫንባት፣ ዋይፋይ ያላት ትንሽ መቆጣጠሪያ) ጋር አገናኝታዋለች። ለእናቷ ሳሎን የሚሆን፣ በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ሰዓት ልትሠራበት ነው። በላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲሠራ ደህና ይመስላል። ሁሉንም ነጭ ስታደርገው ግን ቀለሙ ይወይባል፣ ቦርዱም ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ቀይ ስትለው ደግሞ አረንጓዴ ይበራል። «ኃይል አንሶት ይሆናል» ብላ ጥሩ ባለ 2 አምፒር ቻርጀር ገዝታ በቀጥታ ለቀለበቱ ብትሰጠው ጭራሽ ባሰበት። የመጀመሪያዋ ኤልኢዲ ሳትጠየቅ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ሌሎቹም ይርገበገባሉ። ኮዱን ደጋግማ ቀይራለች። «ቀለበቱ ፎርጅድ ነው ወይስ ኮዴ ነው የተበላሸው? መብራት ሲጠፋስ ሰዓቱ እንዳይዛባ ምን ላድርግ? ወይስ ባለ 60ውን ልግዛ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ለጊዜው ኮዱን ተዪው። ቀለበቱም አልሞተም። ቢሞት ኖሮ በላፕቶፕሽ ላይ እንደዛ አምሮ አይበራም ነበር። ችግርሽ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፣ ተደራርበው ስለመጡ ነው የተምታታብሽ። አንዱ ኮድ ውስጥ ያለች የአንዲት ቃል ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ከረንት ነው። ሦስተኛው የሲግናል ቮልቴጅ ነው፣ ብዙ ሰው ራሱን የሚይዘው በዚህኛው ላይ ነው፣ ምክንያቱም የተሻለ ቻርጀር ሲሰካ የሚብሰው እሱ ነው። በእኔ እይታ «ኮዴ አልሠራ አለ» ተብሎ የሚመጣው የዚህ ዓይነት ጥያቄ አብዛኛው መልሱ ሽቦ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ኪቦርዱን ገፋ አድርጊና መልቲሜትር (የቮልቴጅ መለኪያ) አምጪ።

በቅድሚያ ዕቃውን እንወቀው። ቀለበቱ ላይ ያሉት 24 ካሬዎች ተራ ኤልኢዲ አይደሉም። እያንዳንዷ 5 በ5 ሚሊሜትር የሆነች ካሬ ውስጧ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲ አለ፣ ከጎናቸው ደግሞ እነሱን የምትቆጣጠር ቺፕ ተቀምጣለች። ጠጋ ብለሽ ካየሽ በዓይንሽ ታገኛታለሽ። ይሄ ጥምረት ደብሊውኤስ2812ቢ ይባላል፣ የሚያመርተው የቻይናው ወርልድሴሚ ነው። ኒውዮርክ ያለው አዳፍሩት የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ከዚሁ የተሠሩ ቀለበቶችን «ኒዮፒክስል» ብሎ ስለሚሸጥ፣ ሰዉ ሁሉንም ኒዮፒክስል ነው የሚለው። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው የእነሱ ሳይሆን ተመሳስሎ የተሠራው ነው። ቢሆንም ሥራውን ይሠራል። ዋናው ልዩነት የቦርዱ ስፋትና የብየዳው ጥራት ነው፣ እሱ ደግሞ አሁን ያንቺ ችግር አይደለም።

ለ24ቱም ዳታ የሚያመጣው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። እንዴት ይበቃቸዋል? ድግስ ላይ ተደርድረው የተቀመጡ ሰዎች ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ አስቢ፤ የመጀመሪያው ሰው ፊተኛውን ሳህን ለራሱ ያስቀርና የቀረውን ሁሉ ወደ ጎኑ ያሳልፋል፣ ቀጣዩም እንደዚሁ። የመጀመሪያዋ ኤልኢዲ የሚመጡላትን 24 ቢቶች (ዜሮ ወይም አንድ የሆኑ ምልክቶች) ለራሷ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለሁለተኛዋ ታስተላልፋለች። አንድ ቢት 1.25 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፣ ለአንድ ኤልኢዲ 30 ማይክሮሰከንድ፣ ለሙሉ ቀለበትሽ 720 ማይክሮሰከንድ፤ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ዜሮንና አንድን የሚለየው ሲግናሉ ከፍ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለዜሮ ወደ 0.4 ማይክሮሰከንድ፣ ለአንድ ወደ 0.8። ልዩነቱ ይሄን ያህል ጠባብ ነው። ሲግናሉ ትንሽ ከተበላሸ ዜሮው አንድ ሆኖ ይነበባል፣ እዚያ ላይ እንመለስበታለን።

የቀለሙን ጉዳይ ቶሎ እንጨርሰው። ደብሊውኤስ2812ቢ ቀለም የሚቀበለው አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ በሚል ቅደም ተከተል ነው። ላይብረሪው (ኤልኢዲዎቹን የሚያዝልሽ የተዘጋጀ ኮድ) ውስጥ ቀለበቱን ስታስተዋውቂ «አርጂቢ» የሚለውን መርጠሻል፣ «ጂአርቢ» አድርጊው። አለቀ። አንድ ነገር ግን አረጋግጪ። ካሬዎቹ ውስጥ ግማሹ ቢጫ ነገር ተቀብቶ ካየሽ ቀለበትሽ ነጭ የተጨመረበት ባለ አራት ቀለሙ ነው። እሱ በኤልኢዲ 24 ሳይሆን 32 ቢት ነው የሚፈልገው። በሦስት ቀለም ኮድ ከነዳሽው ቀለሞቹ እየተንሸራተቱ ጎረቤት ላይ ይበራሉ። ያንቺ ምልክት ይሄ ስላልሆነ ባለ ሦስቱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከረንቱ። አንድ ቀለም ሙሉ ሲበራ ወደ 20 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ነጭ ማለት ሦስቱም ሙሉ ማለት ስለሆነ 60 ይሆናል። በ24 ስናባዛው 1440 ሚሊአምፒር፣ አንድ አምፒር ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው። የላፕቶፕሽ ተራ ዩኤስቢ እንዲሰጥ የተፈቀደለት 500 ነው። በዚያ ላይ ኢኤስፒ32 ራሱ ዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት ከ200 በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ነጭ ስትያቸው ቮልቴጁ ይወርዳል። የቦርዱ ጠባቂ «ቮልቴጅ አነሰኝ» ብሎ ሁሉን ነገር ከዜሮ ያስነሳል። ኮምፒውተርሽ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ ካየሽው «ብራውንአውት» የሚል ቃል ታገኛለሽ። እሱን ካየሽ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ።

ነጩ የሚወይበውም ለዚሁ ነው። ቀይ ኤልኢዲ በ2 ቮልት አካባቢ ይበራል። ሰማያዊና አረንጓዴ ግን ወደ 3 ቮልትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ቮልቴጅ ሲወርድ መጀመሪያ ሰማያዊው ይደክማል፣ ነጩ ቢጫ ይሆናል፣ ጭራሽ ሲወርድ ወደ ቀይ ይሄዳል። ስለዚህ የወየበ ነጭ ስታዪ መልቲሜትሩን ቀለበቱ ላይ ራሱ ለኪበት፤ ቻርጀሩ ጫፍ ላይ አይደለም። ቻርጀሩ ላይ 5 ቮልት፣ ቀለበቱ ላይ 4.2 ካገኘሽ በመሀል ያሉት ቀጫጭን የጃምፐር ሽቦዎችና የብሬድቦርዱ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ልል ቀዳዳዎች ናቸው የበሉት። የኃይሉን ሁለት ሽቦ ወፍራም አድርገሽ በይጃቸው፣ ብሬድቦርዱን ለዳታው ብቻ ተጠቀሚበት።

ደግሞም ነጭ ሙሉ ብርሃን ማን ያስፈልገዋል? ይሄ ቀለበት በሙሉ ብርሃን ማታ ሳሎን ውስጥ ዓይን ያጠፋል። ላይብረሪው የሚቀበለው የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ነው። 40 ላይ አስቀምጪው። 24ቱም ነጭ ሆነው እንኳን ወደ 226 ሚሊአምፒር ይወርዳል። ሰዓት ደግሞ ሁለት ሦስት መብራት ብቻ ነው የሚያበራ፣ ያ ማለት ከረንቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ፤ ይሄን የብርሃን ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ አንዴ ጥሪው፣ መብራት ቀስ እያለ እንዲደበዝዝ ለማድረግ አትጠቀሚበት። ትእዛዙ የተቀመጡትን ቀለሞች ራሳቸውን ስለሚቀንሳቸው ወርደሽ ስትመለሺ ቀለሙ እንደነበረ አይመለስም። ማደብዘዝ ስትፈልጊ ቀለሙን ራስሽ በየጊዜው ከዋናው ቁጥር አስልተሽ ስጪው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው፣ እኔ በጣም ወደምወደው እንምጣ። ጥሩ ቻርጀር ስትሰኪ ለምን ባሰበት?

ደብሊውኤስ2812ቢ አንድ ሲግናል «ከፍ ብሏል» ብሎ የሚያምነው፣ በአምራቹ ሰነድ መሠረት፣ ራሱ ከሚበላው ቮልቴጅ 70 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው። ቀለበቱ 5 ቮልት ከበላ ሲግናሉ 3.5 ቮልት መድረስ አለበት። ኢኤስፒ32 ግን ከፒኑ (ሽቦ ከሚሰካበት እግሩ) የሚያወጣው 3.3 ብቻ ነው። አየሽ? በሕጉ ከሄድን መሥራት የለበትም። ታዲያ በላፕቶፕ እንዴት ሠራ? ቀለበቱን የሰካሽው የቦርዱ 5 ቮልት ፒን ላይ ነበር። አብዛኞቹ የኢኤስፒ32 ቦርዶች ከዩኤስቢው ወደዚያ ፒን ሲመጡ በመሀል ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አላቸው። ዳዮዱ ትንሽ ቮልት ይቀንሳል፣ ፒኑ ላይ 4.6 ወይም 4.7 ነው የምታገኚው። የ4.6 ሰባ በመቶ 3.22 ነው፣ 3.3ቱ ለጥቂት ያልፋታል። አዲሱ ቻርጀርሽ ግን ጎበዝ ነው፤ በቀጥታ ለቀለበቱ 5.1 ሰጠው እንበል። የ5.1 ሰባ በመቶ 3.57 ነው። 3.3ቱ ወደቀች። ኃይሉ ሲሻሻል ሲግናሉ ከመስፈርቱ በታች ቀረ ማለት ነው። የሚገርመው ይሄም ሆኖ ሁልጊዜ አይሞትም፤ አንዳንዱ ቀለበት በዚያም ይሠራል፣ አንዳንዱ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሽቦው ሲረዝም ይረበሻል። «ጓደኛዬ ያለ ምንም ነገር ነው የሰካው፣ የሱ ይሠራል» የሚባለው ለዚህ ነው። የሱ ዕድል ነው።

የመጀመሪያዋ ኤልኢዲ አረንጓዴ የምትሆነውም በዚሁ ነው። መጀመሪያ የሚላከው ቢት የአረንጓዴው ትልቁ ቢት ነው፣ ዋጋው 128። ያ ቢት ዜሮ መሆን ሲገባው አንድ ሆኖ ከተነበበ ኤልኢዲዋ በግማሽ ኃይል አረንጓዴ ቦግ ትላለች። ለምን የመጀመሪያዋ ብቻ? ከቦርድሽ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የምትቀበለው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ለቀሪዎቹ ሲግናሉን እንደ አዲስ ሠርታ፣ በራሷ ቮልቴጅ አጠንክራ ታስተላልፋለች። እሷ ካሳሳተች ግን ሁሉም ይሳሳታሉ።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው።

ትክክለኛው 74ኤኤችሲቲ125 የሚባል ቺፕ ነው። ባለ 14 እግር ነው። 14ኛውን እግር 5 ቮልት፣ 7ኛውን ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር)፣ 1ኛውንም ግራውንድ ታደርጊያለሽ። ከኢኤስፒ32 የሚመጣው ወደ 2ኛው ይገባል፣ በ3ኛው እግር ጥርት ያለ 5 ቮልት ሲግናል ሆኖ ይወጣል። ቺፑ ውስጥ ሲግናል የሚያስተላልፉ ሌሎች ሦስት ተመሳሳይ መስመሮች አሉ፣ የማትጠቀሚባቸውን መግቢያዎች ግራውንድ አስሪያቸው። ስትገዢ ስሙን በደንብ አንብቢ፣ «ቲ» የምትለዋ ፊደል ወሳኝ ናት። ባለ «ኤችሲቲ» ከ2 ቮልት ጀምሮ ከፍ ብሏል ይላል። ያለ «ቲ» የሆነው 74ኤችሲ125 ግን እሱም በ5 ቮልት ሲሠራ 3.5 ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ ገንዘብሽን አውጥተሽ እዚያው ነሽ። ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ። በየሱቁ የሚሸጡት ባለ አራት መስመር ትንንሽ የቮልቴጅ መቀየሪያ ሞጁሎች የተሠሩት አይ ስኩዌርድ ሲ ለሚባለው ዘገም ያለ የዳታ መስመር ነው። ለዚህ ፍጥነት ዘገምተኛ ናቸው፣ ሲግናሉን ከፍ ሲያደርጉት እየተጎተቱ ነው። በ800 ኪሎኸርዝ ቢሠሩልሽ እንኳን አትመኚያቸው።

ቺፑ ካልተገኘ ዳዮድ። 1ኤን4007 የሚባለውን የትም ታገኚዋለሽ፣ የተጣለ ቻርጀር ወይም ሬዲዮ ብትፈቺ አይጠፋም። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ወደ ቀለበቱ በሚሄደው ሽቦ መሀል አስገቢው፣ ነጩ ቀለበት ምልክት ያለበት ጫፍ ወደ ቀለበቱ ይዙር። 0.7 ቮልት ገደማ ይቀንሳል፣ ቀለበቱ 4.3 ያገኛል። የእሱ 70 በመቶ 3.01 ነው። 3.3ቱ አሁን በኩራት ያልፋል። ዳዮዱ የሚችለው 1 አምፒር ስለሆነ ብርሃኑን 40 ላይ ማስቀመጥሽን አትርሺ። ለአንድ የሳሎን ሰዓት እኔ ብሆን ይሄን ነው የምመርጠው። ቺፑ በመርህ ደረጃ የተሻለ ነው፣ ዳዮዱ ግን ዛሬ ማታ እጅሽ ላይ አለ።

ሦስተኛው ትንሽ ብልጠት ያለበት ነው። ከኤልኢዲ ገመድ (በተርታ ከተደረደሩት) የተቆረጠች አንዲት ተመሳሳይ ኤልኢዲ ካለችሽ፣ ዳዮዱን ለእሷ ብቻ አድርጊውና ከቀለበቱ በፊት ዳታው በእሷ በኩል ይለፍ። እሷ በ4.3 ቮልት ስለምትሠራ 3.3ቱን ትረዳዋለች፣ ስታስተላልፍ ደግሞ 4.3 አድርጋ ነው። ለቀለበቱ ከሚያስፈልገው 3.5 በላይ ነው። ቀለበቱም ሙሉ 5 ቮልቱን ያገኛል። ኮዱ ላይ አንድ ኤልኢዲ መጨመርና እሷን ሁልጊዜ ጨለማ ማድረግ ብቻ ነው።

«ለምን ቀለበቱን ከ3.3 ቮልት ፒኑ አላበላውም?» የሚል ምክር የሆነ ቦታ ካነበብሽ አትስሚው። ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ በቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ የቮልቴጅ ማስተካከያም ለዚህ አልተሠራችም፣ ትሞቃለች።

አጠቃላይ አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን። ከቻርጀሩ የሚመጣውን 5 ቮልት ለሁለት ክፈይው፤ አንዱ በዳዮዱ በኩል ወደ ቀለበቱ፣ አንዱ ወደ ኢኤስፒ32 5 ቮልት ፒን። የሁሉም ግራውንድ አንድ ላይ ይታሰር። ይሄን ሳያደርጉ «ዳታው አይደርስም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ የጋራ ግራውንድ ከሌለ ሲግናሉ የሚለካበት ነገር የለውም። የዩኤስቢ ገመድ ቆርጠሽ ከሆነ ቀዩ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ ነው ይባላል። ርካሽ ገመድ ላይ ግን ቀለም አትመኚ፣ ለኪ። ቀለበቱ አጠገብ 5 ቮልቱና ግራውንዱ መሀል 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ጥቂት ኃይል አጠራቅሞ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ) አድርጊ፣ ቮልቱ 6.3 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ወደ ግራውንድ። ዳታው ላይ ከ300 እስከ 500 ኦም ሬዚስተር፣ ወደ ቀለበቱ ተጠግቶ። ሽቦው ውስጥ የሚያስተጋባውን ሲግናል ያረጋጋዋል፣ የመጀመሪያዋን ኤልኢዲም ይጠብቃል። ኮድ ልትጭኚ ላፕቶፑን ስትሰኪ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ሁለቱ 5 ቮልቶች እንዳይጋፉ።

ፒን ስትመርጪ 13 ጥሩ ነው። ከ34 እስከ 39 ያሉት መቀበል እንጂ መላክ አይችሉም፣ ከ6 እስከ 11 ያሉት ለቦርዱ ሜሞሪ የተያዙ ናቸው። 0፣ 2፣ 5፣ 12ና 15 ቦርዱ ሲነሳ የራሱ ሥራ አለው በእነሱ።

አንድ ሕግ ግን በደም አስገቢው፤ ግራውንድ መጀመሪያ ይሰካል፣ መጨረሻ ይነቀላል። 5 ቮልቱና ዳታው ተሰክተው ግራውንዱ ብቻ ከተላቀቀ፣ ከረንቱ መውጫ ፍለጋ በዳታው ሽቦ በኩል ይሄዳል። የመጀመሪያዋን ኤልኢዲ ይዟት የሚሄደው ይሄ ነው። እሷ ከሞተች ደግሞ ቀለበቱ በሙሉ ዝም ይላል፣ ሰዉም «ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል። አትጣይ። የዳታውን ሽቦ ከሁለተኛዋ ኤልኢዲ መግቢያ ጋር በይጂው፣ 23ቱ ይነሳሉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ባለ 24 መግዛትሽ፣ አስበሽበትም ይሁን ሳታስቢበት፣ ለሐበሻ ሰዓት ከሁሉም የተሻለው ምርጫ ነው። የአብዛኛው ሰው ሐሳብ 12 ሰዓቱን በ24 ኤልኢዲ ላይ ሁለት ሁለት አድርጎ መዘርጋት ነው። አንቺ እንደዛ አታድርጊ። አንድ ዙር አንድ ሙሉ ቀን ይሁን፤ 12ቱ የቀን፣ 12ቱ የሌሊት። አናት ላይ ያለችው ኤልኢዲ፣ ቁጥር 0፣ ጠዋት 12 ሰዓት ናት። ቁጥር 3 ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቁጥር 6 እኩለ ቀን፣ ቁጥር 12 ታች ላይ የማታው 12፣ ቁጥር 18 የሌሊቱ 6። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እዚያው 12 ሰዓት አካባቢ ነው የምትወጣውም የምትጠልቀውም። ስለዚህ የቀለበቱ ቀኝ ግማሽ ሁልጊዜ ብርሃን፣ ግራው ሁልጊዜ ጨለማ ይሆናል። እናትሽ ሳይነግሯቸው ይገባቸዋል። ስቶክሆልም ላይ ብትኖሪ ይሄ አይሠራም ነበር።

ኮዱ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው የፈረንጁን ሰዓት ወስዶ 6 መቀነስ፣ ከዜሮ በታች ሲሆን 12 መጨመር፣ ከዚያ በ«ከሆነ» እና «ካልሆነ» መጨማለቅ ነው። አቋራጭ አለ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ለዚህ ኢኤስፒ32 ላይ የሚሰጠው ቁጥር 10800 ሰከንድ ነው። አንቺ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጊበት፣ −10800። ሦስት ቀድሞ ስድስት መቀነስ፣ ሦስት ወደ ኋላ መሆን ነው። አሁን ቦርዱ «ሰዓት 0» ሲልሽ ጠዋት 12 ሆኗል ማለት ነው፣ «6» ሲል ቀን 6፣ «18» ሲል ሌሊት 6። የሚመጣው ቁጥር ራሱ የኤልኢዲዋ ቁጥር ነው፣ ምንም ስሌት የለም። ቀኑም እንደኛው በንጋት ይቀየራል። ውጭ አገር ያላችሁም ይሄን ማድረግ ትችላላችሁ። ዋሽንግተን ሆናችሁም የአገር ቤት ሰዓት ያሳያችኋል፣ እዚያ በዓመት ሁለቴ የሚደረገው የሰዓት ማንሸራተት አይነካውም፣ ኢትዮጵያ እንደዛ ስለማታደርግ።

ደቂቃውን እንዴት ታሳዪ? በ24 ኤልኢዲ ላይ አንዷ 2.5 ደቂቃ ትሆናለች፣ ለሳሎን ይበቃል። ደቂቃውን በ2 አባዝተሽ ለ5 ስታካፍዪ የኤልኢዲዋን ቁጥር ታገኛለሽ። እኔ ግን ሰዓቷን ራሷን ባንሸራትታት ደስ ይለኛል። 3 ሰዓት ላይ ቁጥር 3 ብቻዋን ትበራለች፣ እየዘገየ ሲሄድ ቁጥር 4 እየጎላች ትመጣለች፣ ተኩል ሲሆን ሁለቱ እኩል ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ይጠራል። ለቀኑ ሞቅ ያለ ቢጫ፣ 255፣ 140፣ 20 ሞክሪ። ለሌሊቱ ደብዛዛ ሰማያዊ። ሌሊት ብርሃኑንም ዝቅ አድርጊው፣ ማንም ጨለማ ውስጥ የሚያፈጥበት ነገር አይፈልግም። ስትንሸራተት ወደ መጨረሻው ላይ ድንገት ዘላ የምትጠፋ ከመሰለሽ ዓይናችን ብርሃንን በእኩል ስለማይቆጥረው ነው። በላይብረሪው ውስጥ «ጋማ» የሚል ማስተካከያ አለ፣ ቀለሙን በእሱ አሳልፊው። ኤልኢዲዎቹ የሚቆጠሩበት አቅጣጫ ተገልብጦ ከመጣ ደግሞ ከ0 በስተቀር ቁጥሩን ከ24 ላይ ቀንሰሽ ገልብጪው። ቀለም ከቀየርሽ በኋላ «ሾው» የሚለውን ትእዛዝ ካልጠራሽ ምንም እንደማይላክ ታውቂ ይሆናል፣ ለማንኛውም ልበልሽ።

መብራት ሲጠፋስ? ዋይፋይ ካለ ችግር የለም፣ መብራቱ ሲመጣ ቦርዱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃል። ችግሩ መብራቱ መጥቶ ኢንተርኔቱ ካልመጣ ነው፣ እሱ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ሞጁል ጨምሪ። በክብ ባትሪ ራሱን ችሎ ይቆጥራል፣ በዓመት የሚስተው አንድ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ርካሹን ዲኤስ1307 ቢሰጡሽ አትቀበዪ፣ ሙቀት ሲቀያየር ይንሸራተታል። ዳታው ወደ ፒን 21፣ ክሎኩ ወደ 22። ሞጁሉ ላይ ዓለም አቀፉን ሰዓት አስቀምጪና ሦስቱን ሰዓት ስታነቢ ቀንሺ። በኋላ ግራ አያጋባሽም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በገበያ ላይ ያለው ሰማያዊው የዲኤስ3231 ሞጁል ባትሪ የሚሞላ መስመር አለው፣ የታሰበውም ለሚሞላ ባትሪ ነው። ሱቅ የሚሰጡሽ ሲአር2032 ግን የማይሞላ ነው። ሞጁሉን 5 ቮልት ከሰጠሽው ባትሪውን በግድ ሊሞላው ይሞክራል፣ ባትሪው ሊያብጥ ወይም ሊያፈስ ይችላል። ለአንቺ መፍትሔው ቀላል ነው። ሞጁሉን ከኢኤስፒ32 3.3 ቮልት አብዪው። እሱ ከ2.3 ቮልት ጀምሮ ይሠራል፣ ከ3.3 ላይ ደግሞ መስመሩ ላይ ያለው ዳዮድ ድርሻውን ሲቀንስ ባትሪውን የሚሞላበት ትርፍ አይኖረውም። ለኢኤስፒ32 ፒኖችም ይሄው ነው የሚሻለው፣ 5 ቮልት መቀበል ስለማይወዱ።

«መብራት ሲጠፋም ይብራ» ካልሽ ፓወር ባንክ ይቻላል፣ ግን መርጠሽ። አብዛኛው ፓወር ባንክ ትንሽ ከረንት ብቻ ሲወሰድበት «ስልኩ ሞላ» ብሎ ይዘጋል። ሌሊት ሁለት ደብዛዛ መብራት ብቻ ሲሆን ዋይፋዩንም ካጠፋሽው ያቺን ከረንት ላትሞዪ ትችያለሽ። ከመግዛትሽ በፊት ሱቁ ውስጥ ሰክተሽ ትንሽ ቆይተሽ እዪው።

የመጨረሻው ነገር፣ «ባለ 60ውን ልግዛ ይሆን?» ላልሽው። ለእያንዳንዷ ደቂቃ አንድ መብራት ካማረሽ፣ አዎ። ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ቀለበት ሆኖ አይመጣም፤ ባለ 15 ባለ 15 ሩብ ቁራጮች ናቸው፣ አራቱን ራስሽ ትበይጃለሽ። ሲገጣጠም ስፋቱ 16 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፣ የአዳፍሩቱ ባለ 24 ግን ወደ 66 ሚሊሜትር ነው። ተመሳስለው የተሠሩት መጠናቸው ስለሚለያይ፣ እንጨት ቤት ሄደሽ ክፈፍ ከማሠራትሽ በፊት ያንቺን በማስመሪያ ለኪው። ለጊዜው ግን ዳዮዱን አስገቢና ብርሃኑን 40 አድርገሽ ሞክሪው። አሁንም የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ከሆነች ቀለበቱ ላይ የለካሽውን ቮልትና የዳታ ሽቦሽን ርዝመት ላኪልኝ።